ዘ ሲምስ፦ ቤትን በውሎው የሚመዝን ጌም

የመጀመሪያው «ዘ ሲምስ» ተመልሶ መጥቷል። መጀመሪያ የወጣው እ.ኤ.አ. ፌብሩዋሪ 4 ቀን 2000 ነው፤ በእኛ ጥር 1992። ጥር 2017 ላይ፣ 25 ዓመት ሲሞላው፣ በዘመኑ ኮምፒውተር እንዲሠራ ተስተካክሎ እንደገና ለሽያጭ ቀረበ። ሰባቱም ተጨማሪ ክፍሎች አብረውት አሉ። ሲወጣ ዋጋው 20 ዶላር ገደማ ነበር። «ዘ ሲምስ 2»ም በዚያው ቀን ወጣ፤ እሱ 30 ዶላር ገደማ። ሁለቱን አንድ ላይ ለሚገዛ 40።

እኔ ጋ የደረሰው በእህቴ በኩል ነው። እሷ ስቶክሆልም ነው የምትኖረው። ለፋሲካ ስትመጣ ላፕቶፗ ላይ ጭናው መጣች። ሻንጣዋ እንኳ ሳይከፈት «ነይማ፣ አንድ ነገር ላሳይሽ» አለችኝ። ሙዚቃው ገና ሲጀምር ሁለታችንም አብረን ማንጎራጎር ጀመርን። የበዓሉን ሰሞን ወጡ እስኪደርስ፣ እንግዳ እስኪመጣ፣ ማታም ሰው ሁሉ ከተኛ በኋላ ስንጫወት ከረምን።

ፍርዴን ከመጀመሪያው ልንገራችሁ። ምስሉ አርጅቷል። ሐሳቡ ግን አላረጀም፤ እንዲያውም ከብዙ አዳዲስ ጌሞች ይበልጥብኛል። እንጀራዬ የቤት ፕላን መሣል ነው። ቤት የሚመዘነው ሰው ውስጡ በሚውለው ውሎ መሆኑን መጀመሪያ ያሳየኝ ይሄ ጌም ነው። ከዚያ ወዲህ የተማርኩት ሁሉ እዚያ ላይ የተጨመረ ነው።

ለማታውቁት፣ ነገሩ እንዲህ ነው። ጠላት የለም። ተኩስ የለም። «አሸነፍክ» የሚል ጽሑፍ መቼም አይመጣም። ሰው ትፈጥራላችሁ፤ ስም ታወጡለታላችሁ፣ ፊትና ልብስ ትመርጡለታላችሁ። ከዚያ ጠባይ ትሰጡታላችሁ። ለጠባይ 25 ነጥብ አለ፤ ጽዱነት፣ ተግባቢነት፣ ንቃት፣ ተጫዋችነትና ደግነት ላይ ታከፋፍሉታላችሁ። ነጥቡ ለአምስቱም አይበቃም። ደግና ተጫዋች ያደረጋችሁት ሰው የበላበትን ሳህን ወለል ላይ ጥሎ የሚሄድ ዝርክርክ ሊወጣ ይችላል። እንዲህ ዓይነት ሰው ሁላችንም እናውቃለን፣ እንወደዋለንም።

ቤተሰቡ በ20,000 ሲሞሊዮን ይጀምራል፤ ሲሞሊዮን የእነሱ ገንዘብ ነው። በዚያ ቦታ ይገዛል፣ ግድግዳ ይቆማል፣ በርና መስኮት ይገባል፣ ዕቃ ይሟላል። ገንዘቡ ቶሎ ያልቃል። አልጋ፣ ፍሪጅ፣ ምድጃ፣ ሽንት ቤት፣ ሻወር፣ ስልክ፤ እነዚህን ገዝታችሁ ቀና ስትሉ የቀረው ለወንበር ብቻ ነው። ጋዜጣ በየጠዋቱ ደጅ ላይ ይጣላል። ሥራ የሚፈለገው እዚያ ውስጥ ነው።

የጌሙ ሰዎች ሲም ይባላሉ። እያንዳንዱ ሲም ስምንት ነገር ይፈልጋል። ምግብ፣ ምቾት፣ ንጽሕና፣ ሽንት ቤት፣ እንቅልፍ፣ መዝናኛ፣ ወዳጅ፣ እና የሚያምር ክፍል። ለእያንዳንዱ ስክሪኑ ላይ መስመር አለው፤ መስመሩ አረንጓዴ ከሆነ ደህና ነው። እየቀላ ከመጣ ሰውዬው መነጫነጭ ይጀምራል፤ አጥና ሲባል አያጠናም፣ ሥራ ሂድ ሲባልም እምቢ ይላል። የመጨረሻዋን ልብ በሉልኝ። ክፍሉ ጨለማ ከሆነ፣ ወለሉ ላይ ቆሻሻ ከተከመረ፣ ሰውዬው ጠግቦም፣ ታጥቦም፣ ተኝቶም ይከፋዋል። ያንን ቁጥር አድርጎ ያስቀመጠ ጌም ከዚያ በፊት አላየሁም ነበር።

አንድ የሲም ሰዓት የእኛ አንድ ደቂቃ ነው። ቀኑ በ24 ደቂቃ ይመሻል። ሥራ ከመግባታቸው አንድ ሰዓት በፊት መኪና መጥቶ ክላክስ ያደርጋል። ከዚያች ክላክስ በፊት መነሳት፣ መጸዳጃ ቤት መግባት፣ መታጠብ፣ ቁርስ መብላት አለ። አራት ሰው አንድ መታጠቢያ ቤት ካለው፣ ጠዋቱ ምን እንደሚመስል አዲስ አበባ ውስጥ ያደገ ሰው ሁሉ ያውቀዋል። ሁለት ቀን በተከታታይ የቀረ ሰው ከሥራ ይባረራል።

እኛ ቤት የገባው በኮፒ ሲዲ ነው። ያኔ እኛ ሰፈር ሌላ መንገድ አልነበረም። ፒያሳ አካባቢ ሲዲ ከሚገለብጥ ሱቅ ነው እህቴ ያመጣችው፤ ስሙ በማርከር ተጽፎበታል። ኮምፒውተሩ አባዬ ከመሥሪያ ቤቱ ጨረታ የገዛው ነው። ጌሙ የሚጠይቀው 32 ሜጋባይት ራም ነበርና ያ ኮምፒውተር እንደምንም ቻለው። የተቀመጠው ሳሎን ነው፤ እማዬ የሠራችው ዳንቴል ከላይ ይለብሳል። ልንጫወት ስንል ዳንቴሉን አጥፈን እናስቀምጣለን፣ ስንጨርስ መልሰን እናለብሳለን።

መብራት ሲጠፋ ሴቭ ያላደረግነው ሁሉ ይጠፋል። ስለዚህ ልማድ አወጣን። ሲሞቹ ሥራ ሲሄዱ ሴቭ፣ ማታ ሲተኙ ሴቭ። ማውሱን በየተራ ነበር የምንይዘው። እህቴ ሰዎቹን ትመራለች፣ እኔ ቤቱን እሠራለሁ። እንዲያ ተከፋፈልን፤ ማንም አላስገደደን።

ኮምፒውተሩ ሳሎን በመሆኑ እማዬም አብራ ታየው ነበር። ዳንቴሏን ይዛ ከኋላችን ትቀመጣለች። አንድ ቀን ጎረቤት መጥቶ ደወል ደወለ። የእኛዋ ሴትዮ መጽሐፍ ይዛ ምግብ ማብሰል እያጠናች ነበር። ምግብ ማብሰል ያልተማረ ሲም ምድጃውን ያቃጥለዋልና ጥናቱን ማቋረጥ አልፈለግንም። ሰውዬው በር ላይ ቆመ። ቆመ፣ ቆመ።

«ምነው ልጆች፣ ሰው እኮ በር ላይ ቆሟል!» አለች እማዬ። «አስገቡት እንጂ!»

«እማዬ፣ እያጠናች ነው።»

«ጥናቱ ይደርሳል። ይግባ።»

አስገባነው። ተጨባበጡ፣ ወሬ ጀመሩ። እማዬ አልረካችም። «ታዲያ ምን አቀረባችሁለት?» አለች። እውነቷን ነበር። ያላበሉት እንግዳ ትንሽ ቆይቶ ይከፋውና ይሄዳል፤ ጌሙ ራሱ ያውቀዋል። አንድ ሰው ለብቻው ከሚበላው ይልቅ ለሁሉም የሚሆን ማዕድ ማብሰል ይቻላል፤ ያንን መረጥን። ሴትዮዋ ፍሪጁን ከፈተች፣ ጠረጴዛው ላይ ከተፈች፣ ምድጃው ላይ ጣደች፣ አቀረበች፣ ጠራቻቸው። መጥተው አነሱ። እማዬ ፊቷ ፈካ። ሁሉም የየራሱን ሳህን መያዙ ግን አልጣማትም፤ «አንድ ላይ አይቆርሱም?» አለች።

ከዚያ በልተው ጨረሱ። ሳህኑን ያገኙበት ላይ እያኖሩ ሄዱ። አንዱ ወለሉ ላይ አስቀመጠው።

«ይሄን ማን ሊያነሳው ነው?»

«እሷ ናት የምታነሳው፣ እማዬ። ካልተነሳ ዝንብ ይመጣል።»

ሴትዮዋ ሳህኖቹን አንድ በአንድ አነሳች፤ ወደ ማጠቢያው ወሰደች፤ አጠበች። ሰዓቱ ከምሽቱ አምስት ሆነ። ጥናቱ አልተጠናም። የመዝናኛዋ መስመር ቀልቷል። እማዬ ስክሪኑን በጣቷ ነካ አድርጋ «ይኸው! ቀኑ የሚሄደው እንዲህ ነው» አለች። እልል ያለ ድምፅ ነበር ያወጣችው፤ አንድ ሰው ምስክር የቆመላት ያህል።

ይሄ ነው ለእኔ የጌሙ ትልቅ ነገር። የቤት ሥራን ሥራ ብሎ ቆጥሮታል። ሳህን ማንሳት ጊዜ ይፈጃል። ቆሻሻ ማውጣት ጊዜ ይፈጃል። አልጋ ማንጠፍ፣ ወለል መወልወል፣ የተበላሸ ቧንቧ መጠገን፣ የቤት ክፍያ መክፈል፤ ሁሉም ከዚያች 24 ደቂቃ ላይ ይቆረሳል። የተጠራቀመ ቢል ካልከፈላችሁ ሰውዬ ይመጣና ከቤታችሁ ዕቃ እየመረጠ ይወስዳል። ሠራተኛ መቅጠር ይቻላል፤ ክፍያዋ በሰዓት ይታሰባል። ሠራተኛዋ ከመጣች በኋላ የቤቱ ሰዎች ሁሉ እንደሚለወጡ ስታዩ፣ በእውነተኛው ቤታችሁ ውስጥ ማን ምን እንደሚሸከም ማሰባችሁ አይቀርም።

አሁን ወደ ሙያዬ ልምጣ፤ እዚህ ላይ ትንሽ ብቆይ አይፍረዱብኝ።

ጌሙን የፈጠረው ዊል ራይት ነው። ከዚያ በፊት እ.ኤ.አ. በ1989 ሲምሲቲ የሚባለውን ከተማ የሚገነባበትን ጌም ያወጣ ሰው ነው። በ1991 ካሊፎርኒያ ኦክላንድ ውስጥ በተነሳው ከባድ ቃጠሎ ቤቱ ተቃጠለ። ከዚያ በኋላ ዕቃ እንደገና ከዜሮ መግዛት ነበረበት። ማንኪያ፣ ብርድ ልብስ፣ ወንበር። የትኛው ዕቃ ለምን እንደሚያስፈልግ ያኔ ማሰብ ጀመረ። ጌሙም መጀመሪያ የታሰበው ለቤት ንድፍ ነበር። ቤት ትሠራላችሁ፤ ትንንሽ ሰዎች ገብተው ይኖሩበታል፤ ቤቱ ጥሩ መሆን አለመሆኑን እነሱ ይፈርዳሉ። ኋላ ሰዎቹ ከቤቱ የበለጠ ስበው የጌሙ ዋና ሆኑ። የራሱ መሥሪያ ቤት ማክሲስ ሐሳቡን መጀመሪያ ላይ ቁም ነገር አላለውም ነበር፤ የአሻንጉሊት ቤት ነው ብለው አጣጣሉት። ማክሲስን በ1997 ኤሌክትሮኒክ አርትስ ገዛው፣ ጌሙም በመጨረሻ ወጣ። በ2002 «ሚስት» (Myst) የሚባለውን ጌም በልጦ እስከዚያ ድረስ ከተሸጡት የኮምፒውተር ጌሞች ሁሉ አንደኛ ሆነ።

የመጀመሪያው ሐሳብ ግን አሁንም ውስጡ አለ። ቤቱን አበላሽታችሁ ከሠራችሁ ሰዎቹ ይነግሯችኋል። ድርብ አልጋ በአንድ በኩል ግድግዳ ላይ ከለጠፋችሁ፣ በዚያ በኩል የሚተኛው ሰው መግቢያ ያጣል። እጁን እያወናጨፈ ወደ እናንተ ቀና ብሎ ያማርራል። የጌሙ ወለል በትንንሽ ካሬ የተከፋፈለ ነው፤ የኮሪደሩን ስፋት አንድ ካሬ ብቻ ካደረጋችሁት ሁለት ሰው ሲገናኝ ይጣበቃል። ፍሪጁ ከምድጃው ከራቀ ቁርሱ ይዘገያል፤ ቁርሱ ከዘገየ መኪናው ይሄዳል። ሽንት ቤቱ ከመኝታው ከራቀ ሌሊት የተነሳው ሰው ጠዋት ደክሞት ይነሳል። ስህተቱ በቃል አይነገራችሁም። ቀኑ ሲበላሽ ታዩታላችሁ።

ዛሬ ደንበኞቼ ሲመጡ አብዛኞቹ «ሳሎኑ ይስፋ» ይሉኛል። ኩሽናው የተረፈው ቦታ ላይ ይሁን ይላሉ። እኔ በመጀመሪያ የምጠይቃቸው ግን ሌላ ነው። ጠዋት ማነው መጀመሪያ የሚነሳው? ስንት ሰው በአንድ ሰዓት ይወጣል? እንግዳ ሲመጣ ቡናው የት ይፈላል? የሚያፈላው ሰው ወሬውን ይሰማል ወይስ ግድግዳ ይጋርደዋል? ይሄን ጥያቄ ኮሌጅ ውስጥ በሌላ ስም ተምሬዋለሁ። ቀድሞ የገባኝ ግን ያን ኮሪደር አፍርሼ ሁለት ካሬ ሳደርገው ነው። ሰዎቹ ተላለፉ። ማማረሩ ቆመ። በዚያ ዕድሜዬ የሠራሁት ሁሉ ነገር እንደዚያ አስደስቶኝ አያውቅም።

ስለ ሙዚቃው ካልተናገርኩ ይቆጨኛል። ቤት መሥሪያው ውስጥ ስትገቡ ሰዓቱ ይቆማል፣ ፒያኖ ይጀምራል። የጄሪ ማርቲን ሥራ ነው። ቀስ ያለ፣ ሐሳብ ውስጥ የሚከት ፒያኖ ነው። ሰዎቹ ባሉበት ቆመው እናንተ ግድግዳ ትቀባላችሁ፣ መስኮት ታዛውራላችሁ። ከባድ ፕላን ሲገጥመኝ ዛሬም ያንን ሙዚቃ ከፍቼ እሠራለሁ። የመሥሪያ ቤት ጓደኞቼ ምን እንደሆነ ይጠይቁኛል፤ ነግሬያቸው አሁን እነሱም ለምደውታል። ሌላ ደግሞ የማይረሳ ሙዚቃ አለ፤ ሌሊት ሌባ ሲገባ የሚጮኸው። ሁሉም ተኝቶ፣ እናንተ ሰዓቱን አፍጥናችሁ እያለ፣ በድንገት ይመጣል። እህቴ አሁንም ስትሰማው ከወንበሯ ትነሳለች።

ሰዎቹ የሚናገሩት ቋንቋ ሲምሊሽ ይባላል። የትም አገር የሌለ፣ ስቲቨን ኪሪንና ጄሪ ሎለር የተባሉ ተዋንያን በድምፃቸው የፈጠሩት ነው። የሚያወሩት ርዕስ በሥዕል አናታቸው ላይ ይወጣል፤ ኳስ፣ ገንዘብ፣ ምግብ። ለእኛ ይሄ ትልቅ ነገር ነበር። ያኔ እንግሊዝኛችን ገና ነው። ሌሎች ጌሞች ላይ ሲያወሩ ዘለነው ነበር የምናልፈው። እዚህ ግን አሜሪካ የተወለደ ልጅም፣ እኛም፣ እማዬም እኩል ነን። ሁላችንም የምናየው ፊታቸውን፣ የምንሰማው የድምፃቸውን ቃና ነው። እማዬ አንዳንዴ ከእኛ ቀድማ ትረዳለች። «ይሄ ሰውዬ አኩርፏል» ትላለች፤ መስመሩን ስናይ እውነትም አኩርፏል። የሜኑው ጽሑፍ እንግሊዝኛ ነው፤ የቤት ዕቃ ስም በሙሉ ከዚያ ነው የለቀምነው።

ጎረቤቶቹን ሁሉ እናውቃቸው ነበር። ከሁሉ በላይ የጎዝ ቤተሰብ። አባትየው ሞርቲመር፣ እናትየው ቤላ፣ ልጃቸው ካሳንድራ። ቤታቸው ግቢ ውስጥ መቃብር አለ። ቤላ ቀይ ቀሚስ ለብሳ ጥቁር ረጅም ፀጉሯን ለቃ ስትመጣ እህቴ ሁሌም «እንኳን ደህና መጣሽ» ትላት ነበር፣ ጮክ ብላ። እ.ኤ.አ. በ2004 የወጣው «ዘ ሲምስ 2» ታሪኩን ከ25 ዓመት በኋላ ያደርገውና፣ ቤላ ጠፍታለች። ሞርቲመር ሸምግሏል። ካሳንድራ አድጋለች። እህቴ ያንን ስታይ ከልቧ ነው ያዘነችው። ምናልባት ብዙ ሰው ዓለም ላይ እንዲሁ አዝኗል፤ ስለ ቤላ መጥፋት ሰው እስካሁን ይከራከራል።

እዚህ ላይ እኔና እህቴ አንስማማም። እሷ ሁለተኛውን ነው የምትመርጠው። ምክንያቷ ጥሩ ነው። እዚያ ሰው ያድጋል፣ ያረጃል፣ ይሞታል። ልጅ የእናቱን ዓይን፣ የአባቱን አፍንጫ ይዞ ይወለዳል። ያሳለፉትን ነገር ያስታውሳሉ፤ የሚመኙትም የሚፈሩትም አላቸው። ካሜራው ደግሞ እንደ ልብ ይዞራል። «በመጀመሪያው ልጁ ሁሌም ልጅ ነው፤ ይሄ ምን ዓይነት ኑሮ ነው?» ትለኛለች።

እውነቷን ነው፣ የመጀመሪያው ትልቁ ጉድለት ይሄ ነው። የተወለደው ሕፃን ሦስት ቀን በአልጋው ይቆይና ድንገት ልጅ ይሆናል። ከዚያ በቃ። ለዘላለም ተማሪ ነው። በደንብ ካልተንከባከባችሁት ደግሞ ገና በሕፃንነቱ መጥተው ይወስዱታል፤ ትምህርቱ ከወደቀ ወታደር ትምህርት ቤት ይላክና አይመለስም። ይሄ አሁንም ይከብደኛል። ልጄ አጠገቤ ተቀምጦ ሲያይ አንዱ ልጅ እንዲህ ሄደ፤ «መቼ ይመጣል?» ብሎ ጠየቀኝ፤ መልስ አልነበረኝም።

ሌላም አለ። እሑድ የለም። ቅዳሜ የለም። በዓል የለም። ሥራ በየቀኑ ነው። ቤተሰቡ አንድ ላይ የሚሆንበት ሙሉ ቀን ከፈለጋችሁ ሥራ ማስቀረት አለባችሁ። ወዳጅነትም ቶሎ ይቀዘቅዛል። ሥራ ላይ ከፍ እያላችሁ ስትሄዱ ብዙ ጓደኛ ይጠየቃል፣ ጓደኞቹ ደግሞ ካልተደወለላቸው በጥቂት ቀን ይርቃሉ። ማታ ማታ ስልክ ይዞ መዋል ነው። የቆዳ ቀለሙ ሦስት ብቻ ነው፣ ፀጉሩም ከፊቱ ጋር የተያያዘ ነው፤ የእኛን የሚመስል ፊት እንደ ልብ አይገኝም። ተጫዋቾች የራሳቸውን ልብስና ግድግዳ ወረቀት ሠርተው እንዲያስገቡ ግን ከመጀመሪያው ተፈቅዷል፤ ይሄ ብዙውን ክፍተት ሞልቶታል። ቤቱ ከፎቅና ምድር አያልፍም፤ ካሜራውም በአራት አቅጣጫ ብቻ ነው የሚዞረው። ይሄኛው እኔን አይጎዳኝም። ከላይ ሰያፍ አድርጎ ማየት ልክ ጠረጴዛዬ ላይ እንዳለው ሥዕል ነው፤ ግድግዳውን ቆርጦ ውስጡን ያሳያችኋል።

ሆኖም አንዱን ብቻ ምረጪ ብትሉኝ የመጀመሪያውን ነው። ሁለተኛው ስለ ዕድሜ ነው። የመጀመሪያው ስለ ቀን ነው። ዕድሜ የሚያክል ታሪክ ብዙ ቦታ አገኛለሁ። ከጠዋቱ አንድ ሰዓት እስከ ምሽቱ አራት ሰዓት አንድ ቤት ውስጥ የሚሆነውን እንዲህ አቅርቦ የሚያሳየኝ ግን ሌላ አላገኘሁም።

ስለ ሰባቱ ተጨማሪ ክፍሎች ብዙ አልልም። አሁን ሁሉም አብረው ስለሚመጡ መምረጥ አያስፈልግም። «ሊቪን ላርጅ» ሮቦትና ፋኖስ ውስጥ ያለ ጂኒ አመጣ፤ የሚያለቅሰውም ክላውን ከዚያ ነው። «ሆት ዴት» ከቤት አውጥቶ ከተማ ይወስዳችኋል። «አንሊሽድ» ውሻና ድመት፣ የጓሮ አትክልትም ጨመረ፤ ሰፈሩንም አሰፋው። ለእኔ ከሰባቱ ምርጡ ይሄ ነው። ቲማቲምና ካሮት ተክላችሁ፣ ጠዋት ውኃ አጠጥታችሁ፣ ለቅማችሁ ማምጣት ትችላላችሁ። እማዬ ዘንድሮ ይሄን ስታይ ወንበሯን አስጠጋች። «ሱፐርስታር» ዝነኛ መሆን ለሚወድ ነው፤ እኔ ብዙም አልቆየሁበትም። «ሜኪን ማጂክ» የአስማት ነው፤ ልጄ የሚወደው እሱን ነው።

ለመጀመር ለምትፈልጉ ጥቂት ነገር ልበል። ብዙ ሰው ገና ከመጀመሩ የገንዘብ ኮድ ያስገባል። ኮዷን የማያውቅ የዚያ ዘመን ልጅ የለም፤ ሮዝበድ ብለው ሲጽፉ 1,000 ሲሞሊዮን ይመጣል። እህቴ ደብተሯ ጀርባ ላይ ጽፋት ነበር። ለመጀመሪያው ቤተሰባችሁ ግን አትጠቀሙባት። በ20,000ዋ ትንሽ ቤት ሥሩ። አንድ ክፍል መኝታ፣ አንድ መታጠቢያ፣ ሳሎንና ኩሽና አንድ ላይ። መስኮት አታሳንሱ። ብርሃን የክፍሉን መስመር ከፍ ያደርገዋል፣ ከውድ ሶፋም የተሻለ ነው። አንድ ሰው ብቻ ሳይሆን ሁለት ሰው ፍጠሩ፤ አንዱ ሥራ ሲሄድ ሌላው ቤት ይሁን። የቤቱ ሰው ምን ያህል እንደሚሠራ ያኔ ታያላችሁ።

ልጆች ካሏችሁ አብራችሁ ተቀመጡ። ሥዕሉን አይተው ራሳቸው ይረዱታል። ደምና ጠመንጃ የለበትም። ሰው ይሞታል ግን፤ በቃጠሎ፣ በረሃብ፣ መሰላል በሌለው መዋኛ ውስጥ። ለትንንሾቹ ቀድማችሁ ንገሯቸው።

እና ምድጃ ከመግዛታችሁ በፊት የጭስ ማስጠንቀቂያውን ግዙ። ርካሽ ነው። ምድጃው ያለበት ክፍል ግድግዳ ላይ ስቀሉት። እሳት ሲነሳ እሳት አደጋ ራሱ ይጠራላችኋል። እሱ ከሌለ ሲሞቹ እሳቱ ዙሪያ ተሰብስበው ይጮኻሉ፣ ስልኩን ማንሳት ያለባችሁ እናንተ ናችሁ። መጀመሪያ የምታበስለውን ሰውም መጽሐፍ አስነብቧት፤ ምግብ ማብሰል ሁለት ሦስት ነጥብ ስትደርስ ቤቱ ሰላም ያድራል።

ላፕቶፑን እህቴ ይዛው ተመልሳለች። እኔ አሁን የራሴን እያስገዛሁ ነው። የመጀመሪያውን ብቻ፣ በ20 ዶላሩ።